ባቡር ወይስ ባጃጅ? ለድሬዳዋና ለሐረር ሥራ ራስ ገዝ ሮቦት ስትመርጡ

ባለፈው ዓመት አንድ የመጋዘን ባለቤት አስጠራኝ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ሰፊ መጋዘን አለው። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ፤ ጠፍጣፋ ሮቦቶች መደርደሪያ ተሸክመው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። «እኔ የምፈልገው ይህን ነው፤ ከየትኛው ልግዛ?» አለኝ። ከመመለሴ በፊት ጠመኔ እንዲያመጡልኝ ጠየቅሁ። ከበሩ እስከ ሚዛኑ፣ ከሚዛኑ እስከ መጨረሻው የጆንያ ክምር ድረስ ወለሉ ላይ መስመር አሰመርን። ከዚያም ከጥበቃው ጋር በርጩማ ስበን ተቀመጥንና መስመሩን የሚዘጋውን ነገር ሁሉ መቁጠር ጀመርን። እስከ ምሳ ሰዓት 22 ጊዜ ተዘጋ። አብዛኛውን ጊዜ የዘጋው ለአፍታ ተብሎ የተቀመጠ ጆንያ ነበር፤ የእጅ ጋሪም ነበረበት፤ የጫኝና አውራጆቹ የሻይ ፔርሙስም ነበረበት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጥላ ፍለጋ የገባች ፍየል መሐል መስመሩ ላይ ተኛች። ጥበቃው ከት ብሎ ሳቀና፣ «አቦ! ፍየሏን ማን ሊያስነሣት ነው? ሮቦቱ?» አለኝ።

ይህ መመሪያ በሙሉ ከዚያ ጥያቄ የወጣ ነው። ስለ ሮቦት የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከሮቦቱ ብልህነት ነው። እኔ የምጀምረው ከወለሉ ነው፤ ከዚያም ማሽኑ የቆመ ዕለት ማን እንደሚያስነሣው እጠይቃለሁ።

በሐዲድ የሚሄድና መንገድ የሚፈልግ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣት ወጪውን ስላከበደው ከግርጌው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። ሐዲድ የያዘ ነገር ተራራ ሲገጥመው እንደሚቆም ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ለመጋዘንና ለፋብሪካ የሚሸጡትን ተንቀሳቃሽ ሮቦቶች ሁሉ በሁለት የምከፍላቸው በዚሁ ነው፤ አንዱ ባቡር ነው፣ ሌላው ባጃጅ።

ባቡሩ የተዘረጋለትን መስመር ይከተላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሽቦ እየተከተለ ጋሪ የሚጎትት ተሽከርካሪ አሜሪካ ውስጥ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ዛሬ መስመሩ ወለል ላይ የሚለጠፍ የማግኔት ቴፕ ወይም ቀለም ሊሆን ይችላል። የመጋዘኑ ባለቤት ያሳየኝ ጉንዳኖችም ቢሆኑ የባቡር ዘመድ ናቸው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 ኪቫ የተባለውን ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ያገኛቸው ሮቦቶች ወለሉ ላይ በየተወሰነ ርቀት የተለጠፈ ምልክት እያነበቡ የሚሄዱ ነበሩ፤ በሚሠሩበት ቀጠናም ሰው ዝም ብሎ አይገባም፤ ፍየልማ ጭራሽ። ቪዲዮው ይህን አይናገርም።

ባጃጁ ሐዲድ አያስፈልገውም። በዙሪያው የሌዘር ጨረር እየላከ፣ ጨረሩ ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ እየለካ የቤቱን ካርታ ራሱ ይሠራል፤ ከዚያም በሠራው ካርታ ላይ «አሁን የት ነኝ?» ብሎ ይገምታል። ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ ዓይኑ ተሸፍኖ ቀፊራ ገበያ መሐል የቆመን ሰው አስቡ። በርበሬ ሲያስነጥሰው «ከቅመም ተራ ነኝ፤ ግን ከየትኛው ጫፍ?» ይላል። ጥቂት ተራምዶ የበሰለ ሙዝ ሲሸተው የተሳሳቱት ግምቶች ይወድቃሉ፣ ትክክለኛው ይቀራል። ሮቦቱም በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ግምቶችን ይዞ ይነሣል፤ በተራመደ ቁጥር ከሚያየው ጋር የማይገጥሙትን ይጥላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በምርምር ቤቶች የጠራ ነው። ወደ ተራ መጋዘን እንዲወርድ ያደረገው ግን የሌዘር መቃኛና የትናንሽ ኮምፒውተሮች መርከስ ነው፤ ከዚያ ያላነሰ አስተዋፅኦ ያደረገው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ሮስ የተባለ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሮቦት ሶፍትዌር ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? መንገዱ ሲዘጋ ባቡሩ ይቆማል፤ የዘጋው ነገር እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ባጃጁ ዞሮ ለማለፍ ይሞክራል። በዚህ ብቻ ብንፈርድ ባጃጁ ያሸንፋል፤ ሻጮችም ትርኢታቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። እኛ እንቀጥል። ተራ የሌዘር መቃኛ የሚያየው በአንድ ከፍታ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ያም በቅልጥም ልክ ነው። ከጋሪ ላይ ተንጠልጥሎ የወጣ ጆንያ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ መሬት ለመሬት የተኛ የፎርክሊፍት ጣት ሁሉ ለእርሱ የለም ማለት ነው። ተጨማሪ ካሜራ ያላቸው አሉ፤ ካሜራው ግን ከዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ሁለተኛው ነገር የካርታው ዕድሜ ነው። የእህል መጋዘን ግድግዳው ጆንያ ነው። ሰኞ የነበረ የስንዴ ግድግዳ ሐሙስ ተጭኖ ከሄደ የሮቦቱ ቀፊራ ፈረሰ ማለት ነው፤ በርበሬ ተራው በነበረበት ምንም አይሸትም። መሐል ወለል ላይ ቆሞ ሲዞር ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው መንኮራኩሩ ነው። የብዙዎቹ ባጃጆች መንኮራኩር ትንሽ ስለሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሚሆን ስንጥቅ ወይም ደፍ በላይ አይችሉም። መጋዘናችሁን ዞራችሁ በማስመሪያ ለኩ። እኔ በዚያ መጋዘን በር ላይ ብቻ ሦስት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አግኝቻለሁ።

ባቡሩም ጣጣ አለው። ቀለም የሚያነብ ከሆነ የድሬዳዋ አቧራ በሳምንት ያሳውረዋል፤ ስለዚህ ባቡር ከመረጣችሁ ማግኔት የሚከተለውን ምረጡ፣ ማግኔት ከአቧራ በታችም ማግኔት ነው። ፎርክሊፍት ቴፑን እየረገጠ መላጡ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ጥቅል ቴፕ ገዝቶ መለጠፍ የጥገና ሠራተኛችሁ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። የባጃጁ ሌዘር ሲበላሽ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ በዶላር።

ፍርዴን ልናገር። ዕቃው በየቀኑ ከአንድ ቦታ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከማሸጊያ ወደ መጫኛ፣ ባቡሩን ግዙ። መድረሻው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ፣ ግድግዳውና መደርደሪያው ግን ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ፣ እንደ መድኃኒት መጋዘን ወይም እንደ ሆስፒታል ኮሪደር፣ ባጃጁ ገንዘቡን ያወጣል። መድረሻውም ግድግዳውም ዕለት ተዕለት የሚለዋወጥ ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸው። ጫኝና አውራጆቹ የሚሠሩትን ሥራ ዛሬ በዚያ ዋጋ የሚሠራ ማሽን አላየሁም።

ሙቀት፣ ብርሃንና አቧራ

የትኛውንም ዓይነት ብትመርጡ ይህን አትዝለሉት፤ የማሽኑ መግለጫ የሚጻፈው ከኛ አገር ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ነው። የሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካለፈ አይሞላም፤ መቆጣጠሪያው ራሱ ይከለክለዋል። በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በኋላ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ገና ከሥራ የተመለሰ ባትሪ እዚያ ለመድረስ ሩቅ አይደለም። የመሙያ ጣቢያውን ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ጋር አድርጉት፤ ዋናውን ሙሌት ለሌሊት ተዉት። ድሬዳዋ በቀትር ሱቋን ዘግታ ታርፋለች፤ ሮቦቱም አብሯት ይረፍ።

ስለ ብርሃን የተማርኩት በተማሪዎች ነው። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ልጆቹ ትንሽ ሮቦት ሠርተው በኮሪደሩ ላይ እንደ ሰዓት ይሄድ ነበር። እንግዶች በመጡ ቀን ወደ በረንዳው አወጡት፤ ስድስት ሰዓት ነበር። ሁለት ሜትር እንደሄደ ቆመ፤ ትንሽ ወደ ኋላ አለ፤ እንደገና ቆመ። ልጁ በላብ ተነክሮ ሽቦ ይነቀንቃል፣ ሌላዋ ኮምፒውተሩን ደጋግማ ታስነሣለች። ሽቦው ደህና ነበር። ርቀት የሚለካው ካሜራ የሚሠራው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ነጠብጣብ እየረጨ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ነጠብጣቡን ዋጠውና ሮቦቱ ፊቱ ያለው ወለል ይሁን ገደል መለየት አቃተው። ጃንጥላ ዘረጋንለት፤ ሄደ። እንግዶቹ በጃንጥላው ሳቁ እንጂ የትምህርቱ ፍሬ ነገር እሱ ነበር። የመጋዘናችሁ ትልቅ በር ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህ የኛ ድህነት ያመጣው ችግር እንዳይመስላችሁ። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረጉት ስዊፍት የተባለ ድሮን ያለ አብራሪ እየበረረ ከሦስት የታወቁ የድሮን ውድድር ሻምፒዮኖች ጋር ካደረጋቸው 25 ውድድሮች 15ቱን አሸንፏል። በጣም ትልቅ ሥራ ነው። ያሸነፈው ግን በተለማመደበት መድረክ ነው፤ የቦታው ብርሃንና መልክ ቢለወጥ ሰዎቹ በቶሎ እንደሚለምዱት፣ ድሮኑ ግን እንደሚቸገር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

ክንድ፦ ለጆንያ፣ ለካርቶን ወይስ ለጨርቅ?

በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉ የልብስ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የምሰማው ስጋት «ሮቦቱ መቼ ነው የሚተካን?» የሚል ነው። የሮቦት ክንድ ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ልብስ ስፌት ግን ዛሬም በሰው እጅ ነው። ምክንያቱ ጨርቁ ነው። ብረት ያስቀመጡበት ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ ጨርቅ ሲነኩት ይተጣጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ አንዱን ሲያነሡ ሁለት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የካሊፎርኒያ በርክሌይ ተመራማሪዎች ፎጣ የሚያጥፍ ሮቦት አሳይተው ነበር፤ ለአንዱ ፎጣ በአማካይ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር። እናቴ በዚያ ጊዜ የሳምንቱን ልብስ አጥፋ ቡናዋን ታፈላለች።

አሁን ነገሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ቀድሞ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ትእዛዝ ይጻፍ ነበር፤ አሁን ክንዱ ሰው ሲሠራ በተቀረጸ ናሙና ይሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው 22 ዓይነት ሮቦቶች የሠሯቸውን ከ1 ሚሊዮን በላይ የእንቅስቃሴ ናሙናዎች በአንድ ላይ ሰብስበው ለሁሉም ክፍት አድርገዋል፤ ከዚያ ወዲህ ልብስ የሚያጥፉ ክንዶች ፍጥነታቸው እየታየ ነው። ቢሆንም ዛሬ ለስፌት መደዳ ክንድ ግዙ ብዬ የማንንም ገንዘብ አላስወጣም።

ለካርቶንና ለጆንያ ከሆነ ግን ምርጫው ግልጽ ነው። ከሰው ጎን ያለ አጥር የሚሠሩት ክንዶች ሰው ሲነኩ የሚቆሙ፣ ለማሠልጠንም ቀላል ናቸው፤ ሆኖም ከነሱ መካከል በብዛት የሚታወቀው ዓይነት የሚያነሣው 5 ኪሎ ግራም፣ የሚደርሰውም 85 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያውም የመጨበጫው ክብደት ከ5 ኪሎው ላይ ይቀነሳል። የብስኩት ወይም የሳሙና ካርቶን ይደረድራል። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ግን ጆንያው 50 ኪሎ ነው፤ ለእርሱ የሚሆነው በአጥር የሚከለል ትልቁ ክንድ ብቻ ነው። ለ50 ኪሎ ጆንያ «ከሰው ጋር ተስማምቶ የሚሠራ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ መግለጫውን አንብቡ፤ ካነበባችሁ በኋላም ክንዱ ከሚደርስበት ክልል ራቁ።

ድሮን፦ ለሐረርጌ ማሳና ለደቻቱ

ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱ። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሳይፈቀድለት በሻንጣ የመጣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያም ለከተማው ቅርብ ነው።

ምርጫው በሁለት መካከል ነው። ባለ ሽክርክሪቱ ባለበት ቆሞ ያንዣብባል፣ ጠባብ ቦታ ላይ ይነሣል ያርፋል፤ ነገር ግን ባትሪው ካሜራ ብቻ ተሸክሞ እንኳ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ባለ ክንፉ እንደ ጭልፊት በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ሩቅ ይሄዳል፤ ለመነሣትና ለማረፍ ግን ሜዳ ወይም መወንጨፊያ ይፈልጋል። ዚፕላይን እ.ኤ.አ. በ2016 ሩዋንዳ ውስጥ ደም ማድረስ የጀመረው በባለ ክንፍ ድሮን ነው፤ በመወንጨፊያ ይነሣል፣ ደሙን በትንሽ ፓራሹት ይጥላል፣ ሳያርፍ ይመለሳል። ኮረብታማ አገር ላይ የራቀ ጤና ጣቢያ ካለ ሐሳቡ ለሐረርጌም ይገጥማል፤ የሚከብደው ከድሮኑ ይልቅ ከጀርባው ያለው የደም ባንክ፣ የማቀዝቀዣና የሠራተኛ ሰንሰለት ነው።

ለደቻቱ ዓይነት ሥራ፣ ማለትም የወንዙን አሸዋማ ሆድ ከክረምት በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ አንሥቶ ምን ያህል ደለል እንደመጣና የት እንደጠበበ ለማነጻጸር፣ ባለ ሽክርክሪቱ ይበቃል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣውን የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም። የደረቀ ወንዝ ካርታ በየዓመቱ መያዝ ከዚህ ሁሉ ጥቅም ርካሹ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለማሳ ርጭት የሚገዙ ደግሞ ከፍታውን አይርሱ። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረማያ ከዚያ ከፍ ትላለች። 2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ሽክርክሪቱ የሚገፋው አየር ያን ያህል ቀነሰ ማለት ነው። 40 ሊትር ይሸከማል የተባለ የርጭት ድሮን እዚህ ሞልቶ ቢነሣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ነፋስ ሲመጣም መጠባበቂያ ኃይል አይኖረውም። ለማሽላና ለስንዴ ሜዳ ይሠራል። ለእርከን ማሳ የመሬቱን ከፍታ እየተከተለ የሚበረውን ምረጡ፤ ያ ችሎታ የሌለው ከላይኛው እርከን ጋር ይጋጫል። ለጫት ግን አልመክርም፤ ጠዋት ተቆርጦ፣ ሳይበስል፣ ከቀትር በኋላ የሚቃም ቅጠል ላይ መድኃኒት የሚረጭ ማሽን ማፍጠን ለማንም አይበጅም።

እግር ያላቸው

በግንብ የታጠረው የሐረር ጁገል መተላለፊያዎች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉበት፣ ድንጋዩም በዘመን ብዛት የለሰለሰበት ቦታ አለ። ባቡሩም ባጃጁም እዚያ አይገቡም። አራት እግር ያላቸው ሮቦቶች ግን ባለፉት ዓመታት ከሁሉ በላይ ያስደነቁኝ ናቸው። መራመድን የሚማሩት በኮምፒውተር ውስጥ በተሠራ ዓለም ሺህ ጊዜ እየወደቁ ነው፤ ከዚያ ትምህርቱ ወደ እውነተኛው አካል ይገለበጣል። አኒማል የተባለው ሮቦት በዚህ ዘዴ ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ተራራ በ31 ደቂቃ ወጥቷል፤ የመንገዱ ምልክት ለሰው 35 ደቂቃ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በተደረገው የዋሻ ውድድርም ከነዚህ እግረኞች ጋር የገባው ቡድን ከተፎካካሪው ጋር እኩል 23 ነጥብ አግኝቶ በእኩል ነጥብ መለያው አሸንፏል።

ዋጋቸውም ወርዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ስፖት የተባለው ባለ አራት እግር ሮቦት በ74,500 ዶላር ሲሸጥ፣ በዓመቱ አንድ የቻይና ኩባንያ አነስ ያለውን ከ2,700 ዶላር ጀምሮ አቀረበ። ይሁንና የሚሸከሙት ጥቂት፣ ባትሪያቸውም አጭር ነው። የአሮጌ ግንብ ስንጥቅ ለመመርመር፣ ሰው የማይገባበት ዋሻ ለማየት ይሆናሉ። ጁገል ውስጥ ዕቃ ለማድረስ ግን አህያዋን ምረጡ፤ አህያ መንገዱን በራሷ ታውቀዋለች። ሰው መሳዮቹን በሁለት እግር የሚሄዱትን አሁን አትግዙ።

ለኮሌጅና ለወጣቶች

አንድ ትልቅ የተገጣጠመ ሮቦት ገዝቶ መስተዋት ውስጥ ከመቆለፍ አምስት ትናንሽ መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ቢቃጠል አራት ይቀራሉ። ሮስ ሁለት (ቀደም ሲል ያነሣሁት የሮስ ሶፍትዌር ሁለተኛ ትውልድ) የሚሠራበት፣ ተራ ትንሽ ኮምፒውተርና ርካሽ ሌዘር ያለው በቂ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በነፃ በሚገኘው ጋዜቦ በተባለ፣ ሮቦትን በኮምፒውተር ውስጥ በሚያስመስል ሶፍትዌር ላይ ይለማመዱ፤ መብራት ቢጠፋ የሚሰበር ነገር የለም። ገንዘብ ከተረፈ በሞተርና በመንኮራኩር ላይ አውሉት፤ ከሁሉ ቀድመው የሚበላሹት እነሱ ናቸው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ሐረር ውስጥ 404 ፔጆ ታክሲ ዘመኑን ሁሉ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፈረንሳይ ያን መኪና ማምረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። መኪኖቹን ያቆያቸው ክፍሉን በጣቱ ዳስሶ የሚያውቅ መካኒክና ጎሎ የተገኘውን በቶርኖ የሚቆርጥ እጅ ነው። ስለዚህ ሻጩን የምጠይቀው ስለ ፍጥነቱ አይደለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል? ባትሪውን እኛ መለወጥ እንችላለን ወይስ የይለፍ ቃል ይጠይቃል? የሌዘሩ መለዋወጫ በስንት ቀን ይደርሳል? ሶፍትዌሩን ያለ እናንተ መክፈት ይቻላል? ከነዚህ ለአንዱ እንኳ «ባለሙያ ከውጭ እንልካለን» የሚል መልስ ካገኘሁ የአውሮፕላን ቲኬቱን ከዋጋው ላይ ደምሬ አስባለሁ። በተጨማሪም ለአንድ ሳምንት በኔ ወለል ላይ፣ በኔ አቧራ፣ በኔ ሰዓት ያሠሩት።

የመጋዘኑ ባለቤት እስካሁን ሮቦት አልገዛም። ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም መተላለፊያ አስቀባ፣ የበሩን ስንጥቅ አስደፈነ፣ ሦስት የእጅ ፓሌት ጋሪ ገዛ። ከወራት በኋላ ተመልሼ ከዚያው ጥበቃ ጋር እንደገና ቆጠርን። እስከ ምሳ ሰዓት መስመሩ የተዘጋው 4 ጊዜ ነው፤ አሁን ስለ ማግኔት ቴፑ ዋጋ እየተነጋገሩ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ፍየሏ ነበረች፤ ለበሩ የሽቦ መዝጊያ አዝዟል።